ከበቅሎ ጭነት እስከ ኤሌክትሪክ መኪና፦ ካፋ በኃይልና በመጓጓዣ ክርክር ታሪክ ውስጥ

አንድ ኅብረተሰብ ሰውንና ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያጓጉዝበት ኃይል ሲለወጥ፣ የሚለወጠው የተሽከርካሪው ዓይነት ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከየት እንደሚገኝ፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍልና ጥቅሙ ቀድሞ ለማን እንደሚደርስ አብሮ ይለወጣል። የኃይል ጉዳይ ምንጊዜም የፖለቲካ ጉዳይ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሲያስታውቁ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ የቆየ ታሪክ የሚመዘዝ ነው።

ክርክሩ በአብዛኛው የሚካሄደው በአዲስ አበባ፣ የሚመዘነውም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሚዛን ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ከዋና ከተማው 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከቦንጋ ሆኖ ለሚመለከተው፣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ካፋ (በቀድሞው አጻጻፍ ከፋ) በሁለት በኩል የጉዳዩ ባለቤት ነው። በአንድ በኩል አገሪቱ ነዳጅ የምትገዛበትን የውጭ ምንዛሪ ካስገኙት የቡና አገሮች አንዱ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ በነዳጅ ምትክ የታሰበውን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት ወንዞች አንዱ የሚጠራቀመው ከደኖቹ ነው። ሆኖም የመጓጓዣው ኃይል በተለወጠ ቁጥር ለውጡ ካፋ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በውይይቱም የካፋ ድምፅ እምብዛም አልተሰማም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይተው ካልተጠቀሱ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የበቅሎና የኬላ ዘመን

የካፋ መንግሥት በንጉሡና ሚክሬቾ በሚባለው የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ ይተዳደር በነበረበት ዘመን፣ የአገሩ ድንበር በጥልቅ ጉድጓድና በኬላ የተጠበቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦንጋ ከሩቅ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም የዘመኑ ንግድ መራር ገጽታ የነበረው ባሪያ፣ ከዚህ ተነሥቶ የጎጀብን ሸለቆ በመሻገር ወደ ጅማ፣ ከዚያም ጊቤን አልፎ ወደ ጎጃም ገበያዎች፣ ወደ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ወደብ ይጓዝ ነበር።

የዚህ ጉዞ ኃይል የበቅሎና የሰው ትከሻ ነበር። በቅሎ የምትመገበው ሣር በየመንገዱ ይበቅላል፤ በመሆኑም መጓጓዣው ከውጭ የሚገዛው ነዳጅ አልነበረውም። ይህ ማለት ግን ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዞች ሞልተው መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ አንዲት በቅሎ የምትሸከመው ጭነትም የተወሰነ በመሆኑ፣ ርካሽና ከባድ ዕቃ ሩቅ አገር ድረስ ተጉዞ ትርፍ ሊያስገኝ አይችልም ነበር።

በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካፋን ከወጋና ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ከተማረኩ በኋላ፣ የንግዱ አቅጣጫ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ ዞረ። በዚሁ ጊዜ የእንፋሎት ኃይል በሁለት በኩል ወደ ኢትዮጵያ እየቀረበ ነበር። በምሥራቅ የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በምዕራብ በኩል በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች፤ በባሮ ወንዝ ላይ በክረምት የሚመላለሱት የእንፋሎት ጀልባዎችም የምዕራቡን ቡና ወደ ሱዳን ያወርዱ ጀመር። በሁለቱ መካከል የቀረው ካፋ ግን በበቅሎ ጀርባ ላይ እንዳለ ቆየ። አዲሱ ኃይል ከዳር ደርሶ መቆሙ፣ በኋላም ደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ቡና ነዳጅ ሲገዛ

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ተሠራ። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች ጥገናና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው ብድሮችም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ለመንገዱ ሥራ ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው ቡናውን ከደቡብ ምዕራብ ማውጣት ነበር። በዚያ ዘመን ቡና ከጠቅላላው የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ ያስገኝ ስለነበር፣ ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነበር።

የጭነት መኪናው መምጣት ለቡና ገበሬው እጅግ ትልቅ ለውጥ ነበር። በሳምንታት ይቆጠር የነበረው ጉዞ በቀናት ተጠናቀቀ። ነገር ግን ከለውጡ ጋር አንድ አዲስ ሰንሰለት አብሮ መጣ። የበቅሎዋ መኖ በአገር ውስጥ የሚበቅል ሲሆን፣ መኪናው የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ምንዛሪውን የሚያስገኘው ደግሞ ያው መኪና የሚያመላልሰው ቡና ነው። በዚህ አኳኋን የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅና የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ፣ አገሪቱ በሁለት በኩል የምትመታበት ሁኔታ ተፈጠረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አሰብ ላይ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ የማጣራቱን ሥራ ወደ አገር ቤት ቢያመጣም፣ ድፍድፉ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ሰንሰለቱን አልበጠሰውም።

የዚህ ጥገኝነት ፖለቲካዊ ክብደት በግልጽ የታየው በ1966 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም ወር በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ 50 በመቶ ያህል ሲጨምር፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። የመምህራኑ አድማ፣ የወሎ ረኀብና የሠራዊቱ ቅሬታ ከዚሁ ጋር ተደራርበው መጡ። ዋጋው በከፊል ቢቀነስም፣ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወሩ ሳያልቅ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለአብዮቱ ምክንያት የሆነው ነዳጅ ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማጥበብ ይሆናል። ቢሆንም በአንድ ሸቀጥ ላይ የተጣለ ጭማሪ የሌሎችን ቅሬታዎች ሁሉ እንዴት ወደ አደባባይ እንደሚያወጣ ያ ወር በበቂ አስረድቷል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወታደራዊ መንግሥትም ከነዳጅ ችግር አላመለጠም። ነዳጅ በራሽን የታደለበት ዘመን እስከ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ይታወሳል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ አካባቢዎች የተነሡ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዜጎች ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ የከፋ ክፍለ ሀገር ነበር። ሰፋሪው ቤት የሚሠራበትና እሳት የሚያነድበት እንጨት ከደኑ መውጣቱ የማይቀር ነበርና፣ በደኑ ላይ ያረፈው ጫና እየከበደ ሄደ። የአሰብ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ፣ ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት በኋላም የወደቡ መንገድ ሲቋረጥ፣ ኢትዮጵያ የተጣራውን ነዳጅ በአመዛኙ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ማመላለስ ግዴታዋ ሆነ።

ከጎጀብ እስከ ኦሞ

የነዳጁ ታሪክ በዚህ ሁኔታ ሲቀጥል፣ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ ይጻፍ ነበር። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። የመሐንዲሶች ዓይን ቀስ በቀስ ከአዋሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ተፋሰስ ዞረ። በጅማ አቅራቢያ በግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ የተጀመረው ግድብ ግንባታው በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ተጀምሮ፣ ተቋርጦ፣ በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም. በ184 ሜጋዋት ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ጊቤ ሁለት በ420 ሜጋዋት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ጊቤ ሦስት በ1,870 ሜጋዋት ተመረቁ። በዓባይ ላይ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል።

ካፋን ከጅማ የሚለየው የጎጀብ ወንዝ የኦሞ ገባር ነው። በካፋ ብዙ ቦታዎች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ዝናቡ በደኑ ሥር ሰርጎ፣ በየምንጩ ተከፋፍሎ፣ በጋውን ሙሉ ወደ ጎጀብ ከዚያም ወደ ኦሞ ይወርዳል። ደን ያለበት ተዳፋት አፈሩን ይይዛል፤ ደን የተመነጠረበት ተዳፋት ግን ውኃውን በአንድ ጊዜ ለቆ አፈሩን አብሮ ይሰድዳል። ለግድብ መሐንዲስ ይህ የደለልና የበጋ ፍሰት ጥያቄ ነው። ከዚህ አንጻር በካፋ አንድ ኮረብታ ላይ የቆመ ደን፣ በኃይል ማመንጫው ሒሳብ ውስጥ ባይጻፍም፣ የማመንጫው አካል ሆኖ ያገለግላል።

ቦንጋ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ተገናኝታለች። ሆኖም ከከተሞች ወጣ ባሉት ብዙ ቀበሌዎች ምሽቱ የሚገፋው በኩራዝና በትንንሽ የፀሐይ መብራቶች ነው፤ ወጡም ሆነ ቆጮው የሚበስለው በማገዶ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የቆየ ተረት ለጎጀብ ልጆችም ይሠራል።

37 እና 3

በኅዳር ወር 2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ አደረገች። ሰነዱ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ እነርሱም ግብርና፣ ደን፣ ታዳሽ ኃይል፣ እንዲሁም በመጓጓዣ፣ በኢንዱስትሪና በሕንፃ ሥራ ዘመናዊ ቴክኖሎጂን መጠቀም ናቸው። በሰነዱ ስሌት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ግብርና 50 በመቶ፣ የደን መመናመን 37 በመቶ ሲይዙ፣ የመጓጓዣው ድርሻ ወደ 3 በመቶ ብቻ ነበር።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ 37 እና 3፣ ለሙያ ሰው ብዙ ይናገራሉ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የልቀት ክርክር ሲነሣ መኪናው ከፊት የሚቀመጠው፣ በዚያ አገር ድርሻው ትልቅ በመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ግን መኪናው ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት ዋናው ምክንያት ከጭሱ ይልቅ የውጭ ምንዛሪው ነው። የልቀቱ ዋና ጉዳይ ያለው በደኑና በእርሻው ላይ ነው። ሁለቱን ማምታታት፣ በቦሌ ጎዳና ላይ በሚነዳ አንድ ኤሌክትሪክ መኪና ምክንያት በካፋ ያለውን ምንጣሮ ለመርሳት በር ይከፍታል።

በዚያው ዘመን የተነደፈው የብሔራዊ ምድር ባቡር እቅድም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት መስመሮች አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኢጃጂና በጅማ በኩል ወደ ጉራፈርዳና ዲማ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ቡናና እንጨት ለሚወጣበት ደቡብ ምዕራብ ይህ ከሁሉም የላቀ ዝቅተኛ ልቀት ያለው መጓጓዣ በሆነ ነበር። ከእቅዱ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር አገልግሎት ጀመሩ። የደቡብ ምዕራቡ መስመር ግን በወረቀት ላይ ቀረ። አዲሱ ኃይል እንደ እንፋሎቱ ዘመን ሁሉ ዳር ደርሶ ቆመ።

የ2016 ዓ.ም. ውሳኔና ሁለቱ ወገኖች

ውሳኔው ድንገት የመጣ አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው የሚገቡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ደግሞ ምንም እንዳይከፍሉ ተደርጎ ነበር። በዚያው ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚገዛው ነዳጅ በብር ሲታሰብ ይበልጥ ተወደደ።

የደጋፊዎቹ ክርክር በቁጥር የተደገፈ ነው። ነዳጅ በየዓመቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይወስዳል። በ2016 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው ገቢ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የአገሪቱ ቡና ሁሉ ተሸጦ የነዳጁን ሒሳብ ግማሽ አልሸፈነም ማለት ነው። በ2017 የዓለም ዋጋ ሲወጣ የቡናው ገቢ ወደ 2.65 ቢሊዮን ዶላር ቢያድግም፣ ዋጋ እንደወጣ እንደማይቀር የቡና አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ኤሌክትሪኩ ግን ከ90 በመቶ በላይ በአገር ውኃ የሚመነጭ፣ በብር የሚከፈልበት ነው። ስለሆነም ከ1940ዎቹ ጀምሮ የቆየውን የቡናና የነዳጅ ሰንሰለት ለመበጠስ የተገኘ የመጀመሪያው እውነተኛ ዕድል ይህ ነው ይላሉ።

የተቺዎቹ ክርክርም ቀላል አይደለም። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ ባለበትም ቦታ መቆራረጡ የተለመደ ነው። የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች በአመዛኙ በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተሰባስበዋል። መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ እንደ ልብ አይገኝም። አሮጌ ባትሪ የት እንደሚወገድ ገና አልተደላደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሳኔው በመጀመሪያ የተመለከተው አውቶሞቢሉን እንጂ፣ ነዳጁን በብዛት የሚፈጀውን የጭነት መኪናና አውቶቡስ አይደለም። የአውቶሞቢል ባለቤት ደግሞ ከኅብረተሰቡ ጥቂቱ ክፍል ነው።

ከቦንጋ ሲታይ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የጎጀብን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ ወደ ጅማ የሚሄደው ቡና ዛሬም በናፍጣ የሚጓዝ ነው፤ የከተማው ሰው የሚመላለሰው በሚኒባስ፣ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ነው። ለእነዚህ ያልታሰበ ሽግግር ቦንጋ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይወስዳል። በአንጻሩ ነዳጅ ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠፋው፣ በጥቁር ገበያም ይበልጥ የሚወደደው ከመስመሩ ጫፍ ባሉት ከተሞች በመሆኑ፣ ከነዳጅ መላቀቅ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እነዚሁኑ ነው።

ደኑን የሚጠብቀው ማን ነው

በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር አስጀመረ። ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው፣ ደኑን እየጠበቁ ቡናውን፣ ማሩንና ቅመማ ቅመሙን ይጠቀማሉ። በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን ከያዩ የቡና ደን ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዘገበ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችም በመንደሮቹ ተሰራጩ። እንጨትን በግማሽ ያህል የሚቆጥበው «ምርጥ» ምድጃ በመኪና ትርዒት ላይ አይቀርብም፤ በ37 በመቶው ላይ ግን የሚሠራው እርሱ ነው።

የያዩ ታሪክ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ያ ደን በተመዘገበ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በአካባቢው ያለውን የድንጋይ ከሰል መነሻ ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀመረ። ሥራው ብዙ ገንዘብ ከፈጀ በኋላ ሳይጠናቀቅ ቆመ። አንድ መንግሥት በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ስትራቴጂ አውጥቶ በቡና ደን አጠገብ ከሰል ሊቆፍር እንደሚችል፣ የክርክሩ ሁለት ጠረጴዛዎች ካልተገናኙ እንዲህ ያለ ተቃርኖ ያለ ከልካይ እንደሚያልፍ ታይቷል።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ጸደቀ፤ በኅዳር ወርም ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። በዚህም የካፋ ሕዝብ ቀድሞ በጅማ፣ በኋላም በሐዋሳ በኩል ይነገርለት የነበረውን ጉዳይ በራሱ ምክር ቤት ለማንሣት የሚያስችለው መድረክ አገኘ። በዚያ መድረክ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው። ደኑን ሳይመነጥር የሚኖር ገበሬ፣ በቆሎ ቢዘራበት ያገኝ የነበረውን ጥቅም ትቶ፣ ለግድቡ ውኃ፣ ለመኪናው ኤሌክትሪክ፣ ለአገሪቱም የልቀት ሒሳብ አስተዋጽዖ ያደርጋል። ከኤሌክትሪኩ ሽያጭ ለተፋሰሱ ጥበቃ የሚመለሰው ምን ያህል ነው? የሚመለስስ ከሆነ በቀጥታ ለደን ማኅበራቱ ይደርሳልን?

ታሪኩ ለሙያው ሰው የሚያስተላልፈው መልእክት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚጠቃለል ነው። የመንገድ መሐንዲሱ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱና የደን ባለሙያው እስከ ዛሬ በየራሳቸው ሰነድ ሲሠሩ ኖረዋል። የኤሌክትሪክ መጓጓዣ ግን የሦስቱንም ሥራ በአንድ ሒሳብ ያስተሳስራል። ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ቅድሚያ የሚሰጥ፣ የመሙያ ጣቢያዎችን ከአዲስ አበባ አውጥቶ በጅማ በኩል እስከ ቦንጋና ሚዛን የሚዘረጋ፣ የተረሳውን የባቡር መስመር እንደገና የሚመረምር፣ የምድጃውንና የደኑንም ወጪ ከግድቡ ወጪ ጋር የሚደምር እቅድ ያስፈልጋል። የነዳጅ ጥገኝነት የተተከለው፣ በ1943 ዓ.ም. መንገዱ ሲታሰብ መኪናው ነገ የሚነዳበት ነዳጅ ከምን እንደሚገዛ አብሮ ባለመመከሩ ነው። ዛሬ ደግሞ መኪናው ነገ የሚነዳበት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ሳይመከርበት ከታለፈ፣ ቀጣዩ ትውልድ በጎጀብ ላይ ያንኑ ክርክር እንደገና ይጀምራል።